«ላልተወሰነ ጊዜ ታግዷል» ሲሉ አንድ ጨዋታ ነው እንዴ? የአሜሪካ ኮሌጅ ባስኬት አሰልጣኞች አቀጣጥ

ባክቦርድ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደባልቁብኝ)።

የዱክ ዩኒቨርሲቲው ተጫዋች ግሬሰን አለን ዲሴምበር 21፣ 2016 ከኤሎን ጋር ሲጫወቱ ተጋጣሚውን በእግሩ ጠልፎ ጣለው። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይም ሁለቴ ጠልፎ ነበር፤ አንዴ የሉዊቪል፣ አንዴ የፍሎሪዳ ስቴት ተጫዋች። የዱኩ አሰልጣኝ ኮች ኬ «ላልተወሰነ ጊዜ ታግዷል» አሉ፣ አምበልነቱንም ገፈፉት። ከዚያስ? ዲሴምበር 31 ከቨርጂኒያ ቴክ ጋር የነበረው ጨዋታ ብቻ አመለጠው፤ ዱክ 89 ለ 75 ተሸነፈ። ጃንዋሪ 4 ልጁ ሜዳ ላይ ነው።

እዚያ አገር አሰልጣኝ እጅ ላይ ያለው ቅጣት በትክክል ምን ምን ነው? ማነው የሚወስነው? የሚሠራውስ የቱ ነው?

ነጭ_ሰሌዳ
@ባክቦርድ ወንድሜ፣ ሦስት ዓይነት ቅጣት ነው የተደባለቀብህ። የጨዋታው ሕግ የሚያስቀጣው አለ፣ ሊጉ ወይም ዩኒቨርሲቲው የሚጨምረው አለ፣ አሰልጣኙ በገዛ ሥልጣኑ የሚሰጠው አለ።

የመጀመሪያው ክርክር የለውም። ሜዳ ላይ የተደባደበ ይባረራል፣ ቀጣዩንም ጨዋታ አይሰለፍም። በዚያው የውድድር ዓመት ከደገመ ዓመቱ አለቀበት። ሌላው ከዚህ በላይ የሚደረብ ነው። ዲሴምበር 2011 ሲንሲናቲና ዛቪየር ሲደባደቡ ሦስት የሲንሲናቲ ልጆች ስድስት ስድስት ጨዋታ ተቀጡ፤ በዛቪየር በኩል ከባዱ አራት ነበር። ጃንዋሪ 2020 በካንሳስና በካንሳስ ስቴት ግርግር በርጩማ ያነሳው የካንሳስ ተጫዋች 12 ጨዋታ ታግዷል።

አለን ግን ድብድብ ውስጥ አልገባም። ሊጉም የፌብሩዋሪውን በተግሳጽ ነበር ያለፈው። ስለዚህ የዲሴምበሩ ቅጣት የኮች ኬ ነበር። «ላልተወሰነ» ሲሉህ ስለ ርዝመቱ ምንም አልነገሩህም፤ ቁልፉ አሰልጣኙ ኪስ ውስጥ ነው ማለታቸው ነው። «ሦስት ጨዋታ» ተብሎ የተነገረው ልጅ ቀን ይቆጥራል። «ላልተወሰነ» የተባለው ግን የሚያሟላው ነገር ይሰጠዋል፦ የበደለውን ይቅርታ መጠየቅ፣ አማካሪ ጋ መሄድ፣ ልምምድ ላይ ጸባዩን ማሳየት። ጉዳቱም እዚያው ነው። ቀጣዩ ተጋጣሚ ሲከብድ የአሰልጣኙ እጅ ይላላል። አንድ ጨዋታ ተሸንፈው ኮከባቸው ወዲያው ሲመለስ፣ የተቀሩት ልጆች ሒሳቡን መሥራት አያቅታቸውም።

ሌላው፣ ጋዜጣ ላይ «የቡድኑን ደንብ በመጣስ» ብቻ ተብሎ የሚቀረው ለሽፋን ብቻ አይደለም። ከ1974 ጀምሮ የተማሪን መዝገብ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ፤ የዲሲፕሊን ፋይልም እዚያ ውስጥ ይገባል። ዩኒቨርሲቲው ዝርዝሩን ልንገርህ ቢል ራሱ ነው የሚጠየቀው።

ስድስተኛው_ሰው
የሚሠራው የቱ ነው ላልከው፣ ወንበሩ፤ ተጠባባቂ አድርጎ ማስቀመጥ ማለቴ ነው። ሌላው ሁሉ ማስታመሚያ ነው።

የተለመደው መሰላል፣ ከቡድን ቡድን ቢለያይም፣ እንዲህ ያለ ነው። ለልምምድ የዘገየ ከልምምዱ ይባረራል ወይም በማግስቱ ጠዋት ይሮጣል። ለአውቶቡስ ወይም ለጨዋታው ቀን ልምምድ የዘገየ ከቋሚ ተሰላፊነት ይወርዳል። ክፍል የቀረ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ግማሽ ጨዋታ፣ ከዚያ ሙሉ ጨዋታ ይቀጣል። አፉን በአሰልጣኝ ወይም በጓደኛው ላይ የከፈተ ወዲያው ወደ መልበሻ ክፍል።

ከቋሚ ተሰላፊነት መውረድ ቀላል ይመስላል። በወንዶቹ ጨዋታ (20 ደቂቃ በ20 ደቂቃ) የመጀመሪያው የቴሌቪዥን እረፍት የሚመጣው ሰዓቱ ከ16 ደቂቃ በታች ሆኖ ጨዋታ ሲቆም ነው። የተቀጣው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ይገባል፤ አራት ደቂቃ ገደማ መሆኑ ነው። ግን ስም ሲጠራ ስሙ አልተጠራም፣ መብራት ጠፍቶ አምስቱ ሲሮጡ እሱ ቱታውን ለብሶ ተቀምጧል፣ ቤተሰቡ ትሪቡን ላይ ነው። ለዚያ ዕድሜ አራቷ ደቂቃ ትበቃለች።

የቴነሲዋ የሴቶች አሰልጣኝ ፓት ሰሚት ደንብ አጭር ነበር፦ ክፍል ግቢ፣ ከፊት ባሉት ሦስት ረድፎች ተቀመጪ፣ ከቀረሽ አትጫወችም። ኮከብም ትሁን ተጠባባቂ። 1,098 ጨዋታና 8 ዋንጫ ወስደዋል፤ እሳቸው ጋ ዓመታቸውን የጨረሱት ተጫዋቾች በሙሉ ተመርቀዋል። የኮኔክቲከቱ ጂኖ ኦሪማ ደግሞ ፊት ያነባሉ። ወንበር ላይ ሆና ጓደኛዋ ስታገባ ያላጨበጨበች፣ ትከሻዋን የጣለች፣ ወደ ሜዳ አትመለስም። «ብሸነፍም ግድ የለኝም» ብለው በአደባባይ ተናግረውታል። 12 ዋንጫ ላለው ሰው ለመናገር ይቀላል፣ እሱን አልክድም።

ኮረብታ
ልጆች፣ እናንተ የምትሉት ዲሲፕሊን ሳይሆን ድርድር ነው። ቦብ ናይትን ተመልከቱ። ኢንዲያና ላይ 3 ዋንጫ፣ 1976፣ 1981፣ 1987። የ1976ቱን 32 ለ 0 ነው የጨረሰው። ጮኸ፣ ወንበር ወረወረ፣ ልጆቹም ሰው ሆነው ወጡ። ቁጣ የሌለበት ቤት ምን ያፈራል?

ነጭ_ሰሌዳ
@ኮረብታ ጋሼ፣ ወንበሩ የተወረወረው ፌብሩዋሪ 23፣ 1985 ከፐርዱ ጋር ነው፤ የተወረወረውም በዳኛ ተናዶ እንጂ ልጅ ለመቅጣት አልነበረም። ታሪኩን ደግሞ እስከ መጨረሻው እንየው። በ1997 ልምምድ ላይ የአንድ ተጫዋቹን አንገት ሲይዝ የሚያሳይ ቪዲዮ በ2000 በቴሌቪዥን ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲው «ከእንግዲህ አንዲት ስህተት» ብሎ አስጠነቀቀው፤ ሴፕቴምበር ላይ የአንድ ተማሪ ክንድ ይዞ ተባረረ።

ከእሱ በኋላ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። የራትገርሱ ማይክ ራይስ ልምምድ ላይ ኳስ በልጆች ላይ ሲወረውር፣ ሲገፋ፣ በስድብ ሲያዋርድ ተቀረጸ። ዲሴምበር 2012 ሦስት ጨዋታና 50,000 ዶላር ተቀጥቶ ዝም ተባለ። ኤፕሪል 2013 ቪዲዮው ሲወጣ በማግስቱ ተባረረ፣ ቅጣቱን ያሳነሰው የአትሌቲክስ ዳይሬክተርም ወዲያው ለቀቀ። ማርች 2014 የሳውዝ ካሮላይናው ፍራንክ ማርቲን በተጫዋቹ ላይ ባወረደው ቃል አንድ ጨዋታ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ታገደ። ካሜራ የሌለበት ጂም የለም ዛሬ።

ድርድር ካሉ ግን የዩሲኤልኤውን አሰልጣኝ ጆን ውደንን ምን ሊሉ ነው? በ12 ዓመት 10 ዋንጫ። ደንቡ ሦስት ነበር፦ አትዘግይ፣ አትሳደብ፣ ጓደኛህን አትንቀፍ። የጣሰ ከልምምድ ይወጣ ነበር። ሩጫ አላለም፣ ውጣ ነው ያለው፤ ምክንያቱም ልምምዱ በደቂቃ ተከፋፍሎ በትንሽ ካርድ ላይ የተጻፈ፣ ልጅ ሊያመልጠው የማይፈልገው ነገር ነበር። በ1974–75 ሁለት ተመራማሪዎች ልምምዱን ተቀምጠው ንግግሩን ቆጥረውታል፤ ከ2,300 በላይ የማስተማሪያ ንግግር መዝግበው ሦስት አራተኛ ያህሉ «እግርህን እዚህ፣ ኳሱን በደረት ቁመት» ዓይነት መመሪያ ሆኖ ተገኘ። ውዳሴውም ወቀሳውም እያንዳንዱ ከመቶ ሰባት አይሞላም።

ኮረብታ
ውደን አንድ ሰው ነው። ሩጫ ግን ማንንም አልገደለም።

ፊዚዮ_ፒያሳ
@ኮረብታ እዚህ ላይ ይቆዩኝ፣ ይሄ አደገኛ ወሬ ነው።

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። «ሱሳይድ» ይባል የነበረው (ዛሬ ብዙዎች ስሙን ትተው «መስመር» ይሉታል) ከጫፍ መስመር ተነስቶ እስከ ቅርቡ ፍሪ ትሮ መስመር ደርሶ መልስ፣ እስከ መሀል ደርሶ መልስ፣ እስከ ሩቁ ፍሪ ትሮ ደርሶ መልስ፣ እስከ ሌላው ጫፍ ደርሶ መልስ ነው። ሜዳው 94 ጫማ ስለሆነ አንዱ ዙር 470 ጫማ፣ 143 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሰባት ጊዜ ድንገት ቆሞ መዞር አለው። «አሥራ ሰባት» የሚሉት ደግሞ የሜዳውን ወርድ (50 ጫማ) 17 ጊዜ መሮጥ ነው፦ 259 ሜትር፣ 16 መዞር፣ በአንድ ደቂቃ አካባቢ መጨረስ።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩ። የተናደደ አሰልጣኝ «አሥር መስመር» ሲል 1.4 ኪሎ ሜትርና 70 መዞር አዘዘ። ርቀቱ ምንም አይደለም። ጉልበትና ብሽሽት የሚበላው ዞሩ ነው፣ እሱም ሁለት ሰዓት ከተለማመዱ በኋላ፣ እግር ሲዝል።

ሁለተኛው ችግር ራብዶ (ራብዶማዮላይሲስ) ነው። ጡንቻ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይፈርሳል፣ ፍርስራሹ በደም ሄዶ ኩላሊት ይደፍናል። ጃንዋሪ 2011 አዮዋ ላይ 13 የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ሆስፒታል ገብተዋል፤ ከሦስት ሳምንት እረፍት ተመልሰው በሰዓት እየተለኩ 100 ስኳት ክብደት ተሸክመው ሠርተው። ያ ቅጣት እንኳ አልነበረም። ምልክቱ፦ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ከተለመደው ያለፈ ሕመምና እብጠት፣ ሽንት የኮካ ወይም የቡና መልክ መያዝ። ያየ ሰው በረዶ እስኪያደርግ አይጠብቅ፣ ሆስፒታል ነው። አደጋው የሚብሰው ከእረፍት፣ ከሕመም ወይም ከጉዳት በተመለሰ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ የቅጣት ሩጫ የሚታዘዘውም ያኔ ነው፤ «በእረፍት ሲበላ ነበር» እየተባለ።

ሦስተኛ፣ ሲክል ሴል ትሬት (በዘር የሚወረስ የቀይ ደም ሴል ባሕርይ) ያለው ልጅ። ከ2010 ጀምሮ ዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ) ላይ መመርመር ወይም ውጤት ማቅረብ ደንብ ሆኗል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ፈርሞ መቅረት ይቻል ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ ሲወድቅ እንደ ሙቀት ሕመምተኛ አይቃዥም፣ እንደ ክራምፕ አይጮህም። እግሩ ይዝላል፣ ይቀመጣል፣ ያናግርሃል። አሰልጣኙ «ሰነፍ» ብሎ ያስነሳዋል። የሚገድለው ያ ነው።

ስለዚህ ነው በ2019 ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል) እና የሕክምና ማኅበራት ባወጡት ምክር ላይ አካላዊ ሥራ ለቅጣት አይዋል የተባለው፤ የሕክምና ባለሙያው አቁም ካለም አሰልጣኝ አይሽረውም።

ስድስተኛው_ሰው
በ@ፊዚዮ_ፒያሳ ላይ ሰዓቱን ልጨምር። ግዴታ የሆነ ሩጫ ሁሉ እንደ ልምምድ ይቆጠራል። በውድድር ወቅት በቀን 4፣ በሳምንት 20 ሰዓት ነው ጣሪያው፤ ጨዋታ ምን ያህል ቢረዝም 3 ሰዓት ተብሎ ይያዛል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ እረፍት አለ። በእረፍት ቀን ጠርቶ ያስሮጠ ራሱ ደንብ ጣሰ። በትልልቆቹ ሊጎች ማታና ሌሊት ስምንት ሰዓት ነጻ መሆን አለበት፤ የቅጣት ሩጫ ብዙ ጊዜ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» ነው የምትሰሙት (በኛ አቆጣጠር)።

ለመሆኑ ሩጫ በጭራሽ አይሠራም አልልም። የዌስት ቨርጂኒያው ቦብ ሀጊንስ ከሜዳው ጥግ ትሬድሚል አስቀምጦ ነበር። ኳስ ያበላሸ፣ ወደ መከላከል ያልተመለሰ፣ ወርዶ ጥቂት ይሮጣል፣ ተመልሶ ይገባል። የወደድኩት ምክንያቱን ነው፦ ቅጣቱ በዚያችው ደቂቃ ነው፣ ያጠፋው ብቻ ነው የሚቀጣው፣ አጭር ነው፣ ልምምዱም አይቆምም። አንድ ልጅ ሲያጠፋ አሥራ ሁለት ልጅ የሚያስሮጥ አሰልጣኝ ደግሞ መጨረሻ ላይ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሌላ ዳኛ ይሾማል። አንዳንዴ ያ ጥሩ ነው፣ አንዳንዴ ልጁን ጥግ አስይዘው ያስፈራሩታል።

አንድ መለያ መስመር ግን አለ፦ ያልቻለውንና ያልፈለገውን ለዩ። ፍሪ ትሮ ስለሳተ የሚሮጥ ልጅ ቀጣዩን ሲወረውር የሚያስበው ስለ ሩጫው ነው፣ ክንዱ ይደርቃል። መዘግየት፣ ቦክስ አውት አለማድረግ (ለተመላሽ ኳስ ተጋጣሚን በአካል አለመከልከል)፣ ወደ ኋላ አለመሮጥ፣ አፍ፣ እነዚህ በልጁ ፈቃድ ያሉ ናቸው። የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት
ሁሉንም አነበብኩት፣ አመሰግናለሁ። እኛን ወላጆችን የሚያሳስበን ሌላ ነው። አሰልጣኝ ልጁን ከቡድን ካባረረው ስኮላርሺፑም አብሮ ይሄዳል? ከአገር ቤት በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅስ?

ነጭ_ሰሌዳ
@የሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት እህቴ፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አሰልጣኝ ከቡድን ማስወጣት ይችላል፣ ስኮላርሺፕን ግን ብቻውን መቁረጥ አይችልም። በተሰጠበት ዘመን ውስጥ ልጁ ስለተጎዳ ወይም ደካማ ስለተጫወተ አይቀነስም፣ አይሰረዝም። የሚሰረዝባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ ለመጫወት ብቁ አለመሆን፣ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት፣ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ፣ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ የተማሪዎች ዲሲፕሊን አካል ያረጋገጠው ከባድ ጥፋት፣ ወይም *በጽሑፍ የተቀመጠ* የቡድን ደንብ መጣስ።

መጨረሻዋን ልብ ይበሉ። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሚጠየቀው «ስንት ደቂቃ ይጫወታል?» ከሚለው በፊት «የቡድኑን ደንብ ወረቀት ስጡን» ነው። ስለ መቅረት፣ ስለ ዕፅ ምርመራ፣ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ምን ይላል? ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጥፋት ላይ ምን ይከተላል? እንሰርዛለን የሚል ደብዳቤ ከመጣ፣ ይግባኝ የመጠየቅ መብት እዚያው ላይ መጻፍ አለበት፤ የሚሰማውም ከአትሌቲክስ ክፍሉ ውጭ ያለ አካል ነው። ቀነ ገደብ ስላለው ደብዳቤውን ኪስ ውስጥ ማሳደር አይገባም።

በኤፍ–1 ቪዛ ላለ ልጅ፣ ከቡድን መውጣት በራሱ ቪዛውን አይነካም። የሚነካው ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት (ብዙውን ጊዜ በሴሚስተር 12 ክሬዲት) መውረድ ነው። ስኮላርሺፑ ከሄደ ደግሞ ክፍያው ከየት እንደሚመጣ ማሳየት ይመጣል። ተበሳጭቶ ኮርስ ከመጣሉ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ይሂድ። በመጀመሪያው ቀን።

ጠብታ
የጽሑፍ ደንብ ስትሉ ሲራክዩስ ትዝ አለኝ። የራሳቸውን የዕፅ ምርመራ ፖሊሲ ጽፈው አልተከተሉትም። በ2015 ኤንሲኤኤ ከሌሎች ጥፋቶች ጋር ቆጠረባቸው፤ አሰልጣኙ ቦሄም 9 የሊግ ጨዋታ ታገዱ፣ ከ100 በላይ ድል ተሰረዘ። ባይጽፉት ይሻላቸው ነበር ማለት ይቻላል።

የኔ ጥርጣሬ ግን ሌላ ነው። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ትምህርቱን እስካለፈ ድረስ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢዛወርም ወዲያው ይጫወታል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ራሱ በቀጥታ ሊከፍለው ይችላል። እንዲህ ባለበት ዘመን ማን ነው ኮከቡን የሚቀጣው?

ስድስተኛው_ሰው
@ጠብታ ግማሹ እውነት ነው። ማርች 2019 የሚሺጋን ስቴቱ ቶም ኢዞ በአንድ ጀማሪ ላይ በቴሌቪዥን ፊት ሲጮህ፣ የገዛ ተጫዋቾቹ ሲይዙት አይታችኋል። ያኔ አገር ተከራከረ፣ ልጁ ግን ቆየ። ዛሬ ያንን የሚያደርግ በጸደይ የፖርታሉ (የዝውውር መዝገቡ) በር ሲከፈት ምን እንደሚገጥመው ያስባል።

ግን ልጅ ያባረረም አሰልጣኝ ዋጋ ይከፍላል። በትምህርት ውጤት መለኪያው (ኤፒአር) እያንዳንዱ ልጅ በየሴሚስተሩ ሁለት ነጥብ ይዟል፤ አንዱ ለመጫወት ብቁ ሆኖ ለመቆየቱ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ለመቆየቱ። ውጤቱ ደክሞ የሄደ ልጅ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ቡድኑ (ከ1,000) ከ930 በታች ከወረደ ከዓመቱ ማጠቃለያ ውድድር ይታገዳል፤ ኮኔክቲከት ወንዶች በ2013 ቶርናመንቱን በቴሌቪዥን ነው ያዩት። ስለዚህ ብልሆቹ ገና በበጋው ደንቡን ከልጆቹ ጋር ይጽፋሉ፣ ከሦስትና ከአራት አንጋፋዎች ኮሚቴ ያቆማሉ፣ ለትንሹ ጥፋት ቅጣቱን እነሱ ያቀርባሉ። አሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ ማክበዱን ትቶ ማቅለል ነው ሥራው፤ ልጆች እርስ በርስ ሲቀጣጡ ጨካኞች ናቸው።

ባክቦርድ
ብዙ ነገር ገባኝ። ማሊያና መልበሻ ክፍል መከልከልስ? እሱ የልጅ ጨዋታ አይመስልም?

ነጭ_ሰሌዳ
በአያያዝ ነው። አንተ ባነሳኸው በዚያው የውድድር ዓመት፣ ጃንዋሪ 2017 ዱክ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ከተሸነፈ በኋላ፣ ኮች ኬ ለጀርባ ሕክምና ቤታቸው ሆነው ልጆቹን ከመልበሻ ክፍል አስወጡ፣ የዱክ ልብስ እንዳይለብሱም ከለከሉ። በ2011 ከድብድቡ በኋላ የሲንሲናቲው ሚክ ክሮኒን እዚያው መልበሻ ክፍል ውስጥ ማሊያቸውን አስወለቋቸው፤ የት እንደሚማሩ እስኪገባቸው አይለብሱትም ብለው። የሚሠራው መመለሻው ሲታወቅ ነው፦ ሦስት ጥሩ ልምምድ፣ ቻርጅ መውሰድ (የሚመጣውን አጥቂ ቆሞ በደረት መቀበል)፣ ምንም ይሁን፣ ግን ይቆጠር። ቁልፍ ሲቀየር ደግሞ የሕክምናው ክፍልና ምግቡ አብረው እንዳይዘጉ። ያ ቅጣት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው።

ጠብታ
ሆቴል ውስጥ የሰዓት እላፊውን እንዴት ይጠብቃሉ? በር ላይ ሰው ያሳድራሉ?

ስድስተኛው_ሰው
ቴፕ። ረዳት አሰልጣኙ በተባለው ሰዓት ክፍል ለክፍል ዞሮ ሁለቱንም ልጆች በዓይኑ ያያል፣ በሩ ሲዘጋ ከበሩና ከመቃኑ መገናኛ ላይ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ጣት የምታህል ቴፕ ይለጥፋል። ጠዋት የተላቀቀ ካለ ያ ክፍል ቁርስ ላይ ይጠየቃል።

ፊዚዮ_ፒያሳ
ልጆቹም የራሳቸውን ቴፕ ይዘው ይሄዳሉ፣ የቁርጭምጭሚት መጠቅለያው ሞልቷልና።

ስድስተኛው_ሰው
ለዚህ ነው ረዳቱ በቴፑና በበሩ ላይ አንድ ላይ በእስክሪብቶ መስመር የሚያሰምረው። ነቅሎ የለጠፈ ሰው መስመሩን አያገጣጥመውም።